ዋሱ ሳይጠራ

አርብ ጠዋት ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ውስጥ ቆሜ የሾፌሮችን ጥያቄ እየመለስኩ ነበር። የአንድ የመድን ድርጅት ወኪል ነኝ። እነሱ መድን አይሉትም፤ ኢንሹራንስ ነው የሚሉት። እኔንም ትርሲት ብሎ ከመጥራት «እሜቴ ኢንሹራንስ» ማለት ይቀላቸዋል። ቢሮ ኑ ብላቸው ስለማይመጡ ተራ ሲጠብቁ ሄጄ እይዛቸዋለሁ። ሾፌር ደግሞ የራሱን ጥያቄ በራሱ ስም አይጠይቅም።

«እህቴ፣ አንድ ጓደኛ አለኝ፣» አለኝ አንዱ ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ። «መንጃ ፈቃዱ ጊዜው አልፏል። ቢጋጭ ይከፈለዋል?»

«አይከፈለውም። ጓደኛህ ዛሬውኑ ሄዶ ያሳድስ።»

«ባያሳድስስ?»

«ባያሳድስ አይንዳ።»

ሳቁበት። ጓደኛው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል።

አማረች ባጃጇ ውስጥ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ሦስት ባጃጅ አላት፤ አንዱንም ራሷ አትነዳም። «እኔስ?» አለች። «ዓመቱ ምንም ሳልሆን ካለፈ ገንዘቤ ይመለስልኛል?»

«አይመለስም። ስታሳድሺ ግን ቅናሽ ታገኛለሽ።»

«እንግዲያ ዝም ብዬ ከምከፍል አንዷን ባጃጅ ላጋጫት!»

«አማረች፣ ለእድር ትከፍያለሽ አይደል? ዓመቱን ሙሉ ቤትሽ ሰው ባይሞት ገንዘቤን መልሱልኝ ትያለሽ?»

«አፌ ይቆረጥ!» ብላ አማተበች።

«ታዲያ ይኸው ነው።»

ልወጣ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ ስሰቅል ንጉሴ መጣ። ንጉሴ በሚኒባስ ወደ አርብ ገበያና ወገዳ የሚሠራ፣ ሲናገር መፋቂያውን ከአፉ የማያወጣ ሾፌር ነው። «አንዲት ብቻ፣» አለኝ። «ሰውዬው ሰው ገጨ እንበል። የተገጨው አልሞተም፤ እግሩ ነው። ሽማግሌ ገባ። ገጪውም ያላችሁትን እከፍላለሁ ብሎ ታረቀ። ከዚያ ኢንሹራንሱ ይተካለታል፣ አይደል?»

«አይተካለትም።»

«ሽማግሌ የፈረደውን?»

«ማንም ይፍረደው። ድርጅቱ ሳያውቅ ይህን ያህል እከፍላለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ቃሉን ከራሱ ኪስ ነው የሚወጣው። ውል ሲፈርም ተነግሮታል። ማንም አይሰማም እንጂ።»

መፋቂያው ከአፉ ወደቀ። «እንግዲያ ፋሲካ አለቀለት!»

ፋሲካን አውቀዋለሁ፤ ደንበኛዬ ነው። አባቱ በሬ ሸጠው፣ እህቱ ከአረብ አገር ልካ፣ እሱም ለዓመታት የሰው መኪና ነድቶ ነው ያቺን ሚኒባስ የገዛት። ቤተሰቡ የሚበላው ከእሷ ነው።

«መቼ ነው የገጨው?»

«ማክሰኞ። ከአርብ ገበያ ወዲያ፣ ወደ ወገዳ በሚወስደው መንገድ። ትራፊክ መጥቶ ለክቶ መኪናዋን ወገዳ ፖሊስ ጣቢያ አስገብቷታል። ሽምግልናው ዛሬ ነው፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ።»

«ዛሬ ስንት ሰዓት?»

«ረፋድ ላይ ብሎኛል።»

«ለምን ለእኔ አልነገረኝም?»

«ታርቄ ልጨርስና ነው የምነግራት፣ ቀሪውን እሷ ታወራርደዋለች ብሎ ነዋ! ሳይታረቅ ኢንሹራንስ መጥራት መካድ መሰለው።»

ስልኩን ሞከርኩ። ዝግ ነው። ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ሰው ስልክ አይከፍትም፤ ቢከፍትም እዚያ አካባቢ ኮረብታ ካልወጡ ኔትወርክ አይገኝም። አንዲት ቃል ነበረች የምታስፈራኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ «የምንፈርደውን ትፈጽማለህ?» ሲል ጨዋ ሰው አይከራከርም፤ «ያላችሁት ይሁን» ይላል። ፋሲካ ደግሞ ከጨዋም ጨዋ ነው። ያቺን ቃል ካወጣት ካሳው በእሱ ላይ ይወድቃል፤ ለመክፈል ደግሞ መኪናዋን ከመሸጥ ሌላ መንገድ የለውም።

«ነዳጅ አለህ?» አልኩት ንጉሴን።

«ሞልቻለሁ። ግን ተራዬ ሊደርስ ነው።»

«ተራህን ተው።»

ጋቢና ገባሁ። በሩን ስዘጋ የኋላው ተከፈተና አማረች ገባች። «አንቺ ደግሞ የት?»

«ጥያቄዬን ሳልጨርስ የት ትሄጃለሽ?» አለችኝ። ከኋላዋ ጋሽ አዲሱ ገቡ፤ የድሮ የአይሱዙ ሾፌር ናቸው፣ ጋቢያቸውን እንደለበሱ። «እኔ ሽማግሌ ፊት መናገር አውቃለሁ፣» አሉ። «እናንተ ልጆች አፍ ብቻ ናችሁ።»

ወጣን። ከንፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት የሚወስደው ኮረኮንች በጥር አቧራ ብቻ ነው። በየማሳው ዳር ገብስ ይወቃል፤ ጭድ በነፋስ ተነስቶ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል። ንጉሴ ኩርባውን ሁሉ በክላክስ ነው የሚያልፈው።

«ፈጠን በል!» አልኩት።

«ስሙ! እሜቴ ኢንሹራንስ ናት ፈጠን በል የምትለኝ! ብገለበጥ ትከፍይኛለሽ?»

«ሙሉ ሽፋን ነህ፣ እከፍልሃለሁ።»

«እኔስ?» አለች አማረች ከኋላ ወንበሩን አንቃ ይዛ። «የእኔ ሦስተኛ ወገን ነው። ግን ይኸ ሦስተኛ ወገን ማን ነው? አንደኛውና ሁለተኛው የት ሄዱ?»

«አንደኛዋ አንቺ፣ ሁለተኛው ድርጅቱ፣ ሦስተኛው የምትገጪው ሰው።»

«እኔ ሰው አልገጭም!»

«ሾፌርሽ የሚገጨው።»

«እሱስ ይገጫል፣» አለች ወዲያው። ንጉሴ በሳቅ መሪው ሊያመልጠው ነበር።

«በሦስተኛ ወገን ለገጨሽው ሰውና ላበላሸሽው የሰው ንብረት ነው የሚከፈለው፣» አልኳት። «ያንቺው ባጃጅ ገደል ብትገባ ብቻሽን ነው የምታለቅሺው። እሷም እንድትጠገንልሽ ከፈለግሽ ሙሉ ሽፋን ግቢ።»

«እሱማ ውድ ነው።»

«ዋጋውን ዝቅ አድርገሽ አስመዝግቢያ!» አለ ንጉሴ። «እኔ እንደዚያ ነው ያደረግኩት።»

ዞሬ አየሁት። «ምን አልክ?»

«አይ… ትንሽ ነው ያሳነስኳት።»

«ንጉሴ፣ መኪናህን በግማሽ ዋጋዋ ካስመዘገብክ ስትሰበርም የጉዳቱን ግማሽ ነው የምታገኘው። ቅድም እከፍልሃለሁ ያልኩህን በግማሽ ቁጠረው።»

ወዲያው ፍጥነቱን ቀነሰ። ራሴን ረገምኩ። «አሁን አይደለም! ስንመለስ እናስተካክለዋለን። ንዳ!»

ጋሽ አዲሱ ከኋላ ወደ ፊት ጎንበስ አሉ። «እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው፣» አሉ። «አደጋ ይመጣብኛል ብሎ አስቀድሞ መክፈል እግዚአብሔርን አለማመን አይሆንም?»

«ጋሽ አዲሱ፣ ስኮርታ ጎማ ይዘው ነበር የሚወጡት?»

«ያለ ስኮርታ ማን ይወጣል? እብድ ነው እንጂ!»

«በእግዚአብሔር አያምኑም ነበር ማለት ነው?»

ጋቢያቸውን ሰበሰቡ። «ይቺ ልጅ አፏ ይፈጥናል፣» አሉ ለአማረች።

አርብ ገበያ ስንደርስ ቆምን። አርብ መሆኑን ማን ያስብ! ከየቀበሌው የወረደው ገበያተኛ መንገዱን ሞልቶታል፤ ባቄላ የጫነ አህያ፣ ከብት የሚነዳ፣ መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ዋጋ የሚከራከር። ንጉሴ ክላክሱን ቢጫነው አህዮቹ ጆሯቸውን እንኳ አላዞሩም። ሰዓቴን አየሁ። ረፋዱ እያለቀ ነው። ዘልዬ ወረድኩና ከፊት ሆኜ አህያ መግፋት ጀመርኩ። «ዞር በሉ! እባካችሁ ዞር በሉ!»

«ምን ሆናችሁ?» አሉኝ አንዲት ጌሾ የተሸከሙ እናት። «ወላድ ይዛችኋል እንዴ?»

እኔ አይደለም ከማለቴ በፊት አማረች በመስኮት ብቅ አለች። «አዎ፣ እናቴ! ምጧ ጠንቷል!»

ገበያው ተሰነጠቀ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ! ወንዶቹ አህዮቻቸውን በጆሮ እየጎተቱ ወደ ዳር ወጡ፤ ሴቶቹ «ማርያም! ማርያም!» እያሉ መኪናውን በእጃቸው ነኩት። አንዷ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥላ ወደ ውስጥ ስታይ ጋሽ አዲሱ ጋቢያቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ወንበሩ ላይ ተኝተዋል። አቃሰቱላት። ሴትዮዋ አይኗን በእንባ ሞልታ «ማርያም ትቅረብሽ፣ ልጄ!» አለቻቸው።

ከከተማው ስንወጣ ንጉሴ በሳቅ እንባው እየወረደ መንገዱን ማየት አልቻለም። ጋሽ አዲሱ ተነስተው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። «ይህን ንፋስ መውጫ ላይ የሚያወራ ሰው፣» አሉ፣ «ከእኔ ጋር አበቃ።»

ከዚያ ወዲያ ጥያቄ የጠየቀ የለም። መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ድንጋዩ ይዘላል፤ እኔ ዳሽቦርዱን በሁለት እጄ ይዤ ኩርባ ባለፍን ቁጥር ፋሲካን «ዝም በል፣ ዝም በል» እላለሁ። ከመንገዱ ወረድ ብላ ያለች ቤተ ክርስቲያን ስትታይ ንጉሴ በእጁ አሳየኝ። ደጃፏ ላይ ካለ ትልቅ ጥድ ስር ነጭ ነጭ የለበሰ ሰው ተሰብስቧል። መኪናው ሳይቆም በሩን ከፈትኩ።

በታጨደው ማሳ ላይ ሮጥኩ። እየቀረብኩ ስመጣ የሚያነበንብ ድምፅ ሰማሁ፤ ገና ምርቃት ላይ ናቸው! ጠዋት የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች እስካሁን ገና ሲመርቁ! በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ዝግታ ደስ አለኝ።

ፋሲካ መሀል ላይ አጎንብሷል፤ ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሟል። ከፊቱ የተገጨው ልጅ፣ የደስታ፣ ታላቅ ወንድም፣ ወርቁ የሚባል ረጅም ሰው፣ ሽመሉን ተደግፎ ቆሟል። እናታቸው እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ከሴቶች ጋር ፈንጠር ብለው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው የደብሩ መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ናቸው። ምርቃቱ አለቀ፣ «አሜን» ተባለ፣ መሪጌታም ወደ ፋሲካ ዞሩ።

«ልጄ ፋሲካ፣ እኛ የምንፈርደውን ትፈጽማለህ?»

ፋሲካ አፉን ከፈተ።

«እንዳትመልስ!» ብዬ ጮኽኩ።

ጥዱ ስር ያለው ሁሉ ዞረ። ሽማግሌ ወዳለበት ሮጦ መምጣት ነውር ነው፤ መጮህ የባሰ ነው፤ ያውም ሴት፣ ያውም በሱሪ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ መሪጌታ።

«የኢንሹራንስ ናት፣» አለ ፋሲካ ከድንጋዩ ስር፣ እንዳፈረ።

«አላልኳችሁም!» አለ ወርቁ። «ልታስክደው መጣች! የመኪና ሰው እንዲህ ነው፤ ገጭቶ ይመጣል፣ አስታራቂ ይልካል፣ መጨረሻ ላይ ወረቀት የያዘ ሰው ብቅ ይላል!» ሽመሉ ከመሬት ተነሳ። ንጉሴና ጋሽ አዲሱ እያለከለኩ ደርሰው መሀል ገቡ።

«ወርቁ፣ ተቀመጥ፣» አሉ መሪጌታ። «አንቺም ልጅ ተቀመጪ።»

«ጊዜ የለም፣ መሪጌታ፣ እኔ የምለው—»

«ጊዜ የእግዚአብሔር ነው። ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። እሳቸው ጋቢያቸውን አስተካከሉ፣ ጸጥታው እስኪሞላ ጠበቁ፣ በግዕዝ የሆነ ነገር ለራሳቸው ደገሙ። ጥርሴን ነክሼ ጣቴን ስቆጥር ቆየሁ። በመጨረሻ «በይ ተናገሪ» አሉ።

«በውሉ መሠረት፣» ብዬ ጀመርኩ፣ «የመድን ገቢው ኃላፊነትን የማመን ወይም የመክፈል ግዴታ የመግባት…»

አንዱ ሽማግሌ አዛጉ። አማረች ከኋላዬ በጣቷ ወጋችኝ። «ለእኔ እንደምታስረጂኝ አስረጂያ!»

ልክ ነበረች። እንደገና ጀመርኩ።

«መሪጌታ፣ ልጠይቅዎ። ዋስ ያለው ሰው ሲፈረድበት ዋሱ ካልተጠራ፣ ፍርዱ ዋሱን ይይዘዋል?»

«ምን ሲደረግ!» አሉ ሳያስቡ። «ዋስ ያልሰማው ነገር ዋስን አይዝም።»

«የፋሲካ ዋስ እኛ ነን። ዓመት በዓመት እየከፈለ ለእንዲህ ያለ ቀን ዋስ ይዞናል። ዛሬ ፈርዳችሁ እሱም ያላችሁት ይሁን ካለ፣ ዋሱ ነገ መጥቶ አልሰማሁም ይላል፤ ይሄዳልም። ፋሲካም መኪናውን ይሸጣል።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመካከላቸው አንዱ፣ ጺማቸው የሸበተ፣ «እሱስ ልክ ነው» አሉ። «ታዲያ ዋሱ አንቺ ከሆንሽ ይኸው እዚህ አለሽ። እሺ በይና እንጨርስ።»

«እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ አባቴ። እሺ ለማለት አልችልም። እሺ የሚለውን ሰው ግን አስመጣለሁ።»

«መልእክተኛ ሆነሽ ነው እንዲህ የምትጮኺው?» አሉ። «ዋሱ ራሱ ቢመጣ ጥዱ ሊወድቅ ነው!»

ሳቅ ሆነ። ወርቁ ግን አልሳቀም። «ቀጠሮ ልትሰጡን ነው ማለት ነው። ከተሜ ሥራው ቀጠሮ ነው! ወንድሜ ተኝቶ እያቃሰተ፣ ማሳው ላይ ያለውን ገብስ ማን ይወቃው? ቀጠሮ ይወቃዋል?»

«ወንድምህ የት ነው ያለው?» አልኩት።

«ቤት ነዋ!»

«ቤት? ሐኪም አላየውም?»

«ወጌሻ አይቶታል። አስሮለታል።»

ከማክሰኞ ጀምሮ! ትዕግስቴ ያኔ ነው ያለቀው። ተነሳሁ። «እግሩ በስንት ቦታ እንደተሰበረ ሳታውቁ ነው ካሳ የምትፈርዱት? ቢሽርስ? ባይሽርስ? ዕድሜውን ሙሉ በሬ መጥመድ ቢያቅተው፣ ዛሬ ፋሲካ ቃል የሚገባላችሁ ነገር ምን ያደርግለታል? መኪናውን ሽጦ ቢሰጣችሁም አይበቃም! እኔ እኮ ካሳ አይከፈል አላልኩም። የሚችል ሰው ይክፈል ነው ያልኩት!»

ከሴቶቹ መሀል እማማ ወለተ ጊዮርጊስ ተነሱ። ትንሽ ሴትዮ ናቸው፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና ወደ እኔ መጡ።

«ልጄን ሐኪም ቤት ብንወስደው፣» አሉኝ፣ «ሕክምናውን ማን ይከፍላል?»

ይህን ጥያቄ መናኸሪያ ውስጥ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ሾፌሮች ሁልጊዜ ስለ ብረታቸው ነው የሚጠይቁት። «በመኪና ለተገጨ ሰው አስቸኳይ ሕክምናው በሦስተኛ ወገን ይሸፈናል፣ እናቴ። ሐኪም ቤቱ ገንዘብ የለህም ብሎ አይመልሰውም፤ ሕግ ነው። መኪናም ይኸው፣ መንገዱ ላይ ቆሟል።»

«አሁን?»

«አሁኑኑ።»

ወደ ወርቁ ዞሩ። «ሰማህ? ሂድና ወንድምህን አሸክመህ አምጣ።»

ሁሉም ሊነሳ ሲል ፋሲካ ተናገረ። አሁንም አጎንብሷል፤ ላቡ መሬት ላይ ይንጠባጠባል። «ትርሲት፣ አመሰግናለሁ። ግን እኔ ድንጋዬን አላወርድም። ሰው ሰብሬ፣ ማሩኝ ሳልል፣ ስለ መኪናዬ ተከራክሬ አልሄድም።»

«ፋሲካ፣ አሁን—»

«አልሄድም አልኩሽ።»

መሪጌታ አዩኝ። «ውልሽ ማሩኝ ማለትንም ይከለክላል?»

ሥልጠና ላይ ይህን ያስተማረኝ የለም። ሁሉም ይጠብቃል፤ ፋሲካም ከድንጋዩ ስር ቀና ብሎ ይጠብቃል። ስህተት ከመለስኩ አስጥላታለሁ ያልኳትን መኪና እኔው ነኝ የማስሸጣት። «አይከለክልም፣» አልኩ። «ማዘን አይከለከልም። ትራፊክ ያየውን አየ፤ ፋሲካም የሆነውን እንደሆነው ይናገር። የሚከለከለው ይህን ያህል እሰጣለሁ ማለት ነው።»

«እንግዲያ ነገሩ ሁለት ነው፣» አሉ መሪጌታ፣ በትራቸውን መሬት ላይ እያሰመሩ። «ቂም አንድ፣ ካሳ አንድ። ቂሙ ዛሬ ይወርዳል። ካሳው ዋሱ ሲመጣ ይታያል። ፋሲካ፣ ተናገር።»

«የደስታን አህያ የመኪናዬ ክላክስ አስደነበራት፣» አለ ፋሲካ። «ደስታ ሊይዛት ሲሮጥ አቧራ ጋረደኝ። ፍሬን ያዝኩ፣ አልበቃኝም። እናቴ፣ ማሩኝ። ወንድሜ ወርቁ፣ ማረኝ።»

ድንጋዩን የሚያነሳው የተበደለው ወገን ነው። ወርቁ አልተንቀሳቀሰም። ሽመሉን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ።

«አንሳለት፣» አሉት እናቱ። «ደስታ መኪና ይጠብቃል።»

አነሳለት። ከማጅራቱ ላይ አውርዶ ወደ ማሳው ወረወረው፤ ከዚያም ወደ ቤት ሮጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ እልልታውን አልጠበቅኩም፤ ስልኬን ከፍ አድርጌ ይዤ ኮረብታው ላይ ወጣሁ፣ ኔትወርክ ስይዝ ደብረ ታቦር ያለውን የካሳ ክፍል ኃላፊያችንን አቶ አብዮትን አገኘሁት።

«እስካሁን ለምን አላሳወቀም?» አለኝ።

«አሁን አሳውቆሃል። ቃል አልገባም። የትራፊክ ሪፖርት አለ። ተጎጂው ወደ አንተው ከተማ እየመጣ ነው።»

«በጽሑፍ አድርጊው። ከዚያ እናየዋለን።»

«ማየት አይበቃም። ሽማግሌዎቹ ቀጥረውሃል፤ ራስህ ትመጣለህ።»

«እኔ? ጥድ ስር?»

«ጥድ ስር።»

ከኮረብታው ስወርድ ደስታን በቃሬዛ አድርገው ሚኒባሱ ውስጥ እያስገቡት ነበር። ጋሽ አዲሱ እግሩን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ፤ ንጉሴም ያን መንገድ ሁሉ እንቁላል እንደጫነ ሰው ነዳው። ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ሲመረመር አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰብሮ ተገኘ። ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ሐኪሙ «ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ የማይጠገን ይሆን ነበር» ሲል ወርቁ ግድግዳ ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ።

በቀጠሮው ቀን አቶ አብዮት መጣ። ከረባት አስሯል፤ ጫማው በማሳው አፈር ነጭ ሆኗል። ጉዳዩን በሁለት ደቂቃ መጨረስ ይቻል ነበር፤ ፋይሉን አይቶ ተቀብሎታል፣ ነግሮኛል። ግን መሪጌታ አስቀመጡት።

«ዋሱ አንተ ነህ?»

«ድርጅቱን ወክዬ—»

«የማን አገር ሰው ነህ?»

«የእስቴ።»

«እስቴ የት?»

«መካነ ኢየሱስ።»

«የማን ልጅ?»

እንዲህ እያሉ እስከ አያቱ አያት ወጡ። ጺማቸው የሸበተው ሽማግሌ የአክስታቸው ባል በእሱ በኩል እንደሚዛመድ ተገኘ፤ ተነስተው ሳሙት። እኔ ጥዱን እየዞርኩ ነበር። በመጨረሻ መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ዋሱ፣ ለደስታ የሚገባውን ትፈጽማለህ?»

አቶ አብዮት ፋይሉን ገለጠ። «በሕጉና በውሉ መሠረት፣ በሐኪም ማስረጃው ልክ፣ ድርጅቱ ለተጎጂው ካሳ ይከፍላል። መድን ገቢው የሚከፍለው ድርሻ የለም።»

መሪጌታ ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ይህ ‘ያላችሁት ይሁን’ ማለት ነው?»

«የእነሱ አፍ ለዚያ ቃል ከዚህ በላይ አይቀርብም፣ መሪጌታ።»

«ይበቃል፣» አሉ። ምርቃቱ ተጀመረ። ፋሲካ ከምርቃቱ መሀል ዞሮ አየኝ፤ ፊቱ በራ፤ እኔም ሳላውቀው እጄን እንደ ኳስ ተጫዋች ወደ ላይ ሰቅዬው ነበር።

በዚያው አቶ አብዮትን ሸኝተን ሁላችንም ወገዳ ሄድን። ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ሚኒባሷ አቧራ ለብሳ ቆማለች። ፋሲካ ቁልፉን ተቀበለና አጠገቧ ቆመ። ከዚያን ቀን ወዲህ መሪ አልጨበጠም። በሩን ነካው፣ ተወው። ጎማውን ዞሮ አየ። እንደገና ዞሮ አየ።

ወርቁ ጋቢናውን ከፍቶ ገባ። «ምን ትጠብቃለህ?» አለው። «ደስታ ዛሬ ከሐኪም ቤት ይወጣል። እናቴም ከኋላ ገብታለች። ንዳ እንጂ!»

ፋሲካ ገባና አስነሳት። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች። ያኔ ሽማግሌዎቹ «እኛም ደስታን እንጠይቅ» እያሉ አንድ በአንድ ይሳፈሩ ጀመር፤ መሪጌታ፣ ጺማቸው የሸበተው፣ ሌሎቹም፤ አማረችም መሀላቸው ገብታ ተሸጎጠች። ወንበሩ ሞላ፣ መተላለፊያውም ሊሞላ ነው።

«ውረዱ!» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። «ከልኩ በላይ አይጫንም! አንድ ሰው ትርፍ ነው!»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። መሪጌታ በመቁጠሪያቸው እየጸለዩ በመስኮት ወደ ውጭ ያያሉ። አማረች ጣሪያውን ታያለች።

እንደገና ቆጠርኩ። ትርፏ እኔ ነበርኩ።

ወረድኩና በሩን በኃይል ዘጋሁላቸው። «ሂዱ!» ብዬ ጎኗን በመዳፌ ደበደብኩት። ሄዱ። አቧራዋ ሸፈነኝ፤ ከውስጡ የሽማግሌዎቹ ምርቃት፣ የወርቁ ድምፅና የማርሽ ለውጥ አንድ ላይ ይሰማኛል። አፌ ውስጥ የገባውን አፈር እየተፋሁ፣ ብቻዬን እየሳቅኩ፣ ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወደ ወገዳ መናኸሪያ ሮጥኩ።